ሁለተኛው ባትሪ

ፋዮ ለእናቷ አጥሚት እያማሰለች ሳለ ነው እህቷ ሲፈንና የሲፈን ባል ጂራታ በረንዳው ላይ ሆነው ሲነጋገሩ የሰማችው። ወጥ ቤቱንና በረንዳውን የሚለያቸው አንድ የላሜራ በር ነው፤ በሩ ደግሞ ቤቱን ከተረከቡ ጀምሮ ገጥሞ አያውቅም።

«ያን ባትሪ ለምን አንመልስላትም?» አለ ጂራታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ለማን ይጠቅማል? የልጅቷ ንብረት ነው እኮ።»

«ዛሬ ብሰጣት ከነገ ጀምሮ ሙሉ ቀን ትጠፋለች» አለች ሲፈን። «እማዬን ማን ሊይዝ ነው? አንተ ከምሳ በኋላ የለህም። እኔ ቢሮ ነኝ። ሠራተኛ እንቅጠር ካልክ ደግሞ ስንት እንደሚሉ ሂድና ደላላውን ጠይቀው።»

ጂራታ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ሲፈን እርጥብ ልብስ አራግፋ ገመዱ ላይ ስትጥል ተሰማ።

ፋዮ ማማሰሏን ማቆሟን አላወቀችም። ወደ ራሷ የመለሳት አጥሚቱ ከሥር ሲይዝ የሸተታት ሽታ ነው። የትኛው ባትሪ እንደሆነ መገመት አላስፈለጋትም፤ በዚህ ቤት ባትሪ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሥራዋ የመጋረጃ ዘንግ፣ የቴሌቪዥን መስቀያ፣ መደርደሪያ፣ የወጥ ቤት ካቢኔ፣ በአጠቃላይ ሰው ግድግዳ ላይ የሚፈልገውን ሁሉ እየዞሩ መስቀል ነው። ገመድ አልባውን ድሪል፣ ማለትም የግድግዳ መብሻውን፣ ከሁለት ባትሪና ከአንድ ቻርጀር ጋር በዘጠኝ ሺህ ብር የገዛችው ካፌ ውስጥ ስታስተናግድ ባጠራቀመችው ነው። አንዱ ባትሪ ሲሠራ ሌላው ይሞላል፤ ስለዚህ ሁለት ባትሪ ማለት ለእሷ ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን አንድ ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ቻርጀሩ ባዶውን ተሰክቶ አገኘችው። ሲፈን ባትሪው ሲሞላ ጭስ ጭስ እንደሸተታት፣ ነቅላ ለጂራታ እንደሰጠችው፣ እሱም መርካቶ ሠሪ ጋ ወስዶት አይሠራም እንደተባለና እዚያው እንደጣለው ነገረቻት። ፋዮም አመነቻት። እንዲያውም ቤቱን ከእሳት አዳንሽው ብላ አቅፋ ሳመቻት። አሁን ፊቷ የጋለው ያ መሳም ትዝ ሲላት ነው።

ከአጥሚቱ ያልያዘውን ያልያዘውን ገልብጣ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። እናቷ ወይዘሮ የሺሀረግ ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ከከዳቸው ዓመት አልፏቸዋል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከሆስፒታል በሰው ሸክም ከወጡ ወዲህ ደረጃውን አልወረዱም። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ለመጸዳጃ መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበርና ቀን ቀን ግድግዳ ላይ የሚደገፍ የፋዮን ፍራሽ ይዛ ሞልታለች። መስኮቱ የሚያሳየው የፊት ለፊቱን ብሎክ ብቻ ነው፤ የተሰጣ ልብስ፣ ዲሽ፣ ቢጫ ጄሪካን። ፋዮ ትራሱን ከፍ አድርጋ በማንኪያ ማጉረስ ጀመረች። እናቷ በደህናው ዓይናቸው ፊቷን ፊቷን ያዩ ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አሏት። ቃላቸው እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። አጥሚቱ ትንሽ ያዘብኝ።»

ሲፈን የቢሮ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። ከፋዮ በስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያስተማረቻት፣ ቤቷን ከፍታ ያስጠጋቻት እሷ ናት። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። «ዛሬ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለሽ አይደል? ምሳ ሰዓት ላይ አትቅሪ» አለች። ፋዮ ቀና ብላ አየቻት። አፏ ላይ የመጣው ሌላ ነበር፤ የወጣው ግን «እሺ» ነው። ሲፈን ጎንበስ ብላ እናቷን ግንባራቸው ላይ ሳመችና ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ፋዮ ማንኪያውን እንደያዘች ቆየች።

የዕለቱ ሥራ እዚያው ልደታ፣ ግቢውን ተሻግሮ ያለው ብሎክ ውስጥ ነው፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሚባሉ ጡረተኛ ቤት። አዲስ መጋረጃ አሰፍተው አራት ዘንግ ገዝተው ይጠብቋታል። እናቷን ገና ቤት ላለው ለጂራታ ትታ፣ ድሪሉን በጀርባ ቦርሳ፣ ታጣፊ መሰላሉን በትከሻ አድርጋ ወጣች። ግቢው ውስጥ ሴቶች ከቧንቧው ውኃ ይቀዳሉ፤ መብራት ከንጋት ጀምሮ ሄዶ ነበርና የሱቁ ልጅ ፍሪጁን ከፍቶ ወተቱን በእጁ እየዳሰሰ ይራገማል። መብራት ሲጠፋ ባለገመድ ድሪል ያላቸው ሠራተኞች ቁጭ ይላሉ። እሷ ግን ትሠራለች። ሰዎች ከወንዶቹ ይልቅ እሷን የሚጠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው ደግሞ ወለላቸው ላይ ገመድ ሳትጎትት፣ ሶፋቸውን ሳታስነሳ ሠርታ መውጣቷ ነው።

የመጀመሪያው መስኮት ደህና ሄደ። ግድግዳው ብሎኬት በሆነበት ቦታ ድሪሉ ቂጣ እንደሚበሳ ይገባል፤ መስኮቱ አናት ላይ ያለው ኮንክሪት ግን ሌላ ነው። ትከሻዋን አስደግፋ ስትጫን ሞተሩ ያቃስታል፤ ባትሪው ላይ ያሉት ሦስት ትንንሽ መብራቶች ሁለት ይሆናሉ፤ ቀዳዳው ውስጥ የፕላስቲኩን ፊሸር ከትታ፣ ብሎኑን አጥብቃ ስትወርድ ደግሞ አንድ። ሁለተኛውን መስኮት ጨርሳ መሰላሉን ወደ መኝታ ቤት ስታዞር ስልኳ ጮኸ። ሳሚያ ናት፤ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ እየተኮናተረች የምታሠራ ሴት። ፋዮ ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ቀን አብራት ሠርታለች።

«ፋዮዬ፣ ሜክሲኮ ክሊኒክ ይዣለሁ። ሁለት ፎቅ ነው፤ መደርደሪያ፣ በር፣ መጋረጃ፣ ሁሉም አለ። የመብራት ቆጣሪ ገና አልገባም፤ ባትሪ የሚሞላው ጎረቤት ሱቅ ነው፤ ባለገመዶቹን ብጠራ ምን ይሠሩልኛል? ወር ሙሉ ሥራ ነው፤ ክፍያው በቀን ነው። ግን ጠዋት ገብተሽ ማታ ነው የምትወጪው። ሁለት ባትሪ አለሽ አይደል?»

ፋዮ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሳሚያ የተቆረጠ መስሏት «ሄሎ! ሄሎ!» አለች።

«አለኝ» አለች ፋዮ። «ሁለት ነው ያለኝ። ግን ቤት ልጠይቅ።»

«እስከ ማታ ንገሪኝ። ሰኞ እንጀምራለን። ካልሆነልሽ ሌላ ሰው ልፈልግ።»

ሦስተኛው መስኮት ላይ ድሪሉ ኮንክሪቱን ገና ግማሽ ሳይበሳ ጉልበቱ ተሟጠጠ። አንዴ ዞረ፣ ቆመ። ባትሪውን አውጥታ መልሳ ከተተችው፤ ጥቂት ዞሮ እንደገና ቆመ። ቻርጀሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ግን አልመጣም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከታች ሆነው አንጋጠው ያያሉ። መጋረጃው ተተኩሶ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«ምነው ልጄ፣ አለቀ እንዴ?»

«ባትሪው ጨረሰ እትዬ። ከሰዓት ቻርጅ አድርጌው፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እጨርስልዎታለሁ።»

«እኔ እኮ ዛሬ ማታ እንግዳ አለብኝ። መኝታ ቤቱ እንዲህ እርቃኑን ሊቀር ነው?» አሉ፤ ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ሁለተኛ ባትሪ መያዝ አይሻልሽም? ለሥራሽ ነው የምልሽ» ብለው ጨመሩ። ክፉ ሴት አይደሉም። የሁለቱን መስኮት ከፈሏት፤ ሻይ ካልጠጣሽ አትወጪም ብለውም አስቀመጧት። ፋዮ ሻዩ ያቃጥል አያቃጥል ሳታውቅ ጨርሳው ወጣች።

ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ወደ ቤት መሄድ ነበረባት፤ እግሯ ግን ወደ ተክለ ሃይማኖት ወሰዳት። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም በደንብ አልገባትም፤ ዋጋ መጠየቅ ማንንም አያስከፍልም ብላ አሰበች። ዓብዱልሰላም ድሪሉን የሸጠላት ነጋዴ ነው። ሱቁ ከበሩ እስከ ጣሪያው በመሣሪያ ታጭቋል፤ እሱ ራሱ በመጋዝና በግራይንደር ካርቶኖች መካከል በተረፈች ጠባብ ቦታ ተቀምጦ ለውዝ ይቆረጥማል። ገና ሲያያት ፈገግ አለ። ባትሪ ብቻ ፈልጋ እንደመጣች ስትነግረው ግን ፈገግታውን ሰበሰበ።

«ኦርጅናሉ ለብቻው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ገብቷል፤ ወላሂ እኔም ስናገረው ያሳፍረኛል። ከሁለት ባትሪው ጋር ሙሉውን ልውሰድ ካልሽ ደግሞ አሥራ ስድስት ሺህ ነው።»

«ያኛውስ?» አለች፣ መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት ሰማያዊ ባትሪዎች እያመለከተች። «የእሱ ዋጋ ስንት ነው?»

«አራት ሺህ። ግን የአንቺ ድሪል ላይ አይገባም እህቴ። እያንዳንዱ ፋብሪካ መግቢያውን ለራሱ አድርጎ ነው የሚሠራው። አንዴ የአንዱን ከገዛሽ ከእሱ መውጫ የለሽም፤ ወይ ባትሪውን እሱ ባለው ዋጋ ትገዣለሽ፣ ወይ ደህናውን መሣሪያ ጥለሽ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።» ያገለገለ ባትሪ እንዳለውም ነገራት፤ በሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ ያለ ዋስትና። አውጥቶ እጇ ላይ አደረገላት። ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ነገር ነው። ፋዮ ገልበጥ አድርጋ አየችው። የራሷ ባትሪ እንዴት እንደሆነ ትዝ አላት፤ ጥጉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረውም። የራሷን ንብረት መልሳ ልትገዛ መቆሟ ነው ድንገት የተሰማት። ያገለገለውን ባንኮው ላይ አስቀምጣ፣ አመስግና ወጣች። ወደ ልደታ ስትመለስ ከመሰላሉ ጋር የሚያሳፍራት ሚኒባስ አጥታ መንገዱን በእግሯ ነው የጨረሰችው።

ቤት ስትደርስ ጂራታ ጫማውን አድርጎ፣ የማስተማሪያ ወረቀቶቹን በክንዱ ይዞ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የከሰዓትና የማታ ተማሪዎችን አካውንቲንግ ያስተምራል። ጸጥተኛ ሰው ነው፤ አማቱን ጠዋት ጠዋት ወንበራቸው ላይ የሚያስቀምጣቸው እሱ ነው፤ አንድም ቀን ፊቱ ሲኮማተር አላየችውም። «ትንሽ ሾርባ ወስደዋል፤ አሁን ሸለብ አድርጓቸዋል» አላት። ሊያልፋት ሲል መሰላሉን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ጋሼ፣ ባትሪዬ የት ነው ያለው?»

የጂራታ ዓይን ወረቀቶቹ ላይ ወደቀ። ወረቀቶቹን አስተካከለ፤ የተዛነፈ ነገር ግን አልነበራቸውም። «ሲፈንን ጠይቂያት» አለ በመጨረሻ። «እኔ ... ሲፈንን ጠይቂያት፣ እባክሽ።» መሰላሉን ከትከሻዋ አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈላትና ወጣ።

ከሰዓቱ እንደ ወትሮው ነበር። መብራት መጥቶ ስለነበር ያላትን አንዱን ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ሰካች። የእናቷን አንሶላ ቀየረች፤ ገላቸውን በለብታ ውኃ አጠበች፤ ወገባቸው እንዳይቆስል ወደ ግድግዳው አገላበጠቻቸው፤ እግራቸውን ሐኪሙ እንዳሳያት እያጠፈች ዘረጋች። እናቷ ሲነቁ «ዛሬ ቶሎ መጣሽልኝ» አሏት፤ ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ። እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር። ፋዮ ይህን ደስታ የምትጠላበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ አሁን ለአፍታ ጠላችው፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ጠልታ እግራቸውን ስማ ሸፈነችላቸው።

እንደገና እንቅልፍ ሲወስዳቸው ካቻቪቲዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ እህቷ መኝታ ቤት ገባች። ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ግን ምንም አይደለም፤ ቁም ሣጥኑን የገጣጠመችው ራሷ ናት። ማጠፊያዎቹን ከውጭ በኩል ብትፈታ በሩ ሳይሰበር ይነሳል፤ ባትሪዋን ወስዳ መልሳ ብትገጥመው ማንም አያውቅም። የመጀመሪያውን ብሎን ግማሽ አላላችው። አልጋው ላይ የሲፈን የሌሊት ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ኮመዲኖው ላይ የሁለቱ የልጅነት ፎቶ አለ፤ ሲፈን ፋዮን በጀርባዋ አዝላታለች። ፋዮ ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው። ፎቶው አሳዝኗት አይደለም። ከሰረቀችው ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል፤ ሲፈንም እንዳልደበቀች፣ እሷም እንዳልተደበቀባት ሆነው ማታ አብረው ራት ይበላሉ። ያንን አልፈለገችም። ሲፈን በገዛ እጇ እንድትሰጣት ፈለገች።

ሳሎን ወጥታ ሳሚያ ጋ ደወለች። «እሺ» አለቻት። «ሰኞ እመጣለሁ።»

ሲፈን ሲመሻሽ ዳቦና ብርቱካን ይዛ ገባች። ጫማዋን አውልቃ፣ እናቷን አይታ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ስለ ታክሲ ሰልፍ ተናገረች፤ ብርቱካን በአንድ ሳምንት ምን ያህል እንደጨመረ ተናገረች። ፋዮ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ባትሪዬን አምጪልኝ።»

«የቱን ባትሪ?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፍሽበትን።»

ሲፈን ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ቀነሰች፤ ከዚያ ጨርሳ አጠፋችው። «ጂራታ ነው የነገረሽ?»

«ራስሽ ነሽ። ጠዋት በረንዳ ላይ።»

ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ወንበር ይጎትታል። ሲፈን መጀመሪያ የተቆጣች መስላ ቀና አለች፤ ቁጣው ግን አልዘለቀላትም። «ሰሚት ስትሠሪ የዋልሽ ቀን» አለች። «ስደውልልሽ ስልክሽ አይሠራም። ስመጣ እማዬ አልጋው ሥር ነች። ከምሳ ጀምሮ መሬት ላይ ነው የዋለችው፤ ልብሷ ረጥቦ። አንቺ ማታ መጥተሽ ደነገጥሽ፣ አለቀስሽ፣ በማግስቱ ሥራሽ ሄድሽ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ምን ላድርግ? ሥራ ልልቀቅ? በጂራታ ደመወዝ ብቻ አራት ሰው ልንኖር?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ፣ እምቢ ብትዪስ?»

ፋዮ እምቢ ትል እንደነበር ራሷን ጠየቀች፤ አላወቀችም። የማታውቀውም ማንም ስላልጠየቃት ነው፤ ይሄ ነው ከሁሉ ያቃጠላት። «ከሰኞ ጀምሮ ሜክሲኮ ሙሉ ቀን እሠራለሁ» አለች። «ሳሚያን እሺ ብያታለሁ። ለእማዬ ሠራተኛ እንቀጥራለን፤ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። ባትሪዬን አምጪልኝ።»

ሲፈን ተነሳች። ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። በትራስ ልብስ የተጠቀለለውን ባትሪ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና፣ እንደ ሕፃን እየተጠነቀቀች ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥጉ ላይ ጭረት እንኳ የለውም። ፋዮ የሞላውን ባትሪ ከቻርጀሩ ነቅላ ይሄኛውን ሰካችው። ቻርጀሩ ሲሞላ ቀይ ሆኖ ይቆማል፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ያበራል። አሁን ግን ቀዩ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ነቅላ መዳብ መዳቡን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ ሰካችው። ብልጭ ድርግም። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከረችው፤ ያው ነው። ሲፈን ያን ቀን ከቻርጀሩ ላይ የነቀለችው ገና እንደተሰካ ነበር፤ ባዶውን። እንደዚህ ዓይነት ባትሪ ደግሞ ባዶውን ብዙ ከተኛ ውስጡ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ አይቀበለውም። ሲፈን የነገረቻት ውሸት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በሁለት ወር እውነት ሆኗል።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሲፈን፣ መብራቱን እያየች። «ለምንድነው እንዲህ የሚለው?»

«ሞቷል።»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ደህና ነበር እኮ ሳስቀምጠው። ምንም እንዳይሆን ብዬ ነው በጨርቅ የጠቀለልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ፋዮ።

ሲፈን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስለ ሠሪ፣ ስለ ደመወዝ ቀን፣ አዲስ ስለ መግዛት የሆነ የሆነውን ተናገረች፤ ዋጋውን ስትጠይቅ ፋዮ ነገረቻት። ፋዮ የሞላውን አንዱን ባትሪ ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቆጣሪ የሌለው ሁለት ፎቅ ታያት፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት መስኮት ሳይሞላ የሚቆም ድሪል ታያት። ለሳሚያ መልሳ ልትደውልላት ስልኩን አነሳች፤ ምን እንደምትላት ግን አላወቀችም፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ፋዮ!» አሉ እናታቸው ከውስጥ።

ፋዮ አልተነሳችም። ሲፈን እንደ ልማዷ እሷን እያየች ጠበቀች። እናታቸው እንደገና ተጣሩ፤ አሁን ድምፃቸው ፈራ ፈራ ይል ነበር። ፋዮ አሁንም ዓይኗን ከጉልበቷ አላነሳችም። በመጨረሻ ሲፈን በባዶ እግሯ ተነስታ ሄደች። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ውኃ ሲቀዳ ተሰማ።

«ፋዮስ?» አሉ እናታቸው። «ፋዮ ወጣች እንዴ?»

«አልወጣችም እማዬ» አለች ሲፈን። «አለች።»